በሰው ገንዘብ የሚሰጥ ሰደቃ

የሰው ገንዘብ የዘረፈ ሰው ከዘረፈው ላይ ለድሃ ቢያካፍል፣ መስጊድ ቢያሠራ፣ ለመንደሩ የውኃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር ወንጀሉ ይሰረዝለታልን? ጥያቄው የቆየ ነው። ሆኖም በውጭ አገር በሚኖሩ ናይጄሪያውያንና አገር ቤት በቀሩ ዘመዶቻቸው ዘንድ የሚነሳውን ያህል ጎልቶ የሚነሳበት ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። «ናይጄሪያዊ ሁሉ አጭበርባሪ ነው» የሚል ወሬ በእኛም ከተማ ሳይቀር ይሰማል። ይህ ሐሜት ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሌሊት ተረኛ ሆነው በሽተኛ የሚያገላብጡት ነርሶች፣ በአሜሪካ የሚያክሙት ሐኪሞች፣ ታክሲ የሚነዱትና መጋዘን የሚሠሩት እጅግ ይበዛሉ። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በውጭ ያሉ ናይጄሪያውያን ወደ አገራቸው የላኩት ገንዘብ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። አጭበርባሪው ከማንም በፊት የሚጎዳው ይህንኑ ላቡን ያፈሰሰ ወገኑን ነው፤ በየኤርፖርቱ ተለይቶ የሚፈተሸውና ባንክ ሄዶ ሒሳብ ልክፈት ሲል በጥርጣሬ የሚታየው እሱ ነውና።

ማጭበርበሩ ግን የለም ማለት አይቻልም። በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ በሐሰት አታሎ የሰው ንብረት መውሰድን የሚመለከተው አንቀጽ 419 ስለሆነ ሥራው ራሱ «ፎር ዋን ናይን» ተብሎ ቀረ። ቀድሞ በፖስታና በፋክስ ይላክ የነበረው የማታለያ ደብዳቤ ኢንተርኔት ሲመጣ መልኩን ለወጠ፤ በሥራው የተሰማሩት ወጣቶችም «ያሁ ቦይስ» የሚል ስም ወጣላቸው። ኢማኑኤል ንውዴ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 ባለው ጊዜ የማዕከላዊ ባንክ ገዥ መስሎ በመቅረብ፣ አቡጃ ውስጥ ይሠራል በተባለ አውሮፕላን ማረፊያ ስም አንድን የብራዚል ባንክ 242 ሚሊዮን ዶላር አክስሯል። አውሮፕላን ማረፊያው በወረቀት ላይ እንጂ በምድር ላይ አልነበረም። የዛሬዎቹ ደግሞ ረቀቅ ይላሉ። ወደ አንድ ኩባንያ የኢሜይል ሣጥን ሾልከው ይገቡና ድምፃቸውን አጥፍተው ደብዳቤ ያነባሉ፤ ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን ሲደርስ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ የተለወጠ ደረሰኝ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎርብስ መጽሔት ከአፍሪካ ተስፈኛ ወጣት ነጋዴዎች አንዱ ብሎ ያወደሰው ኦቢንዋኔ ኦኬኬ በዚህ መንገድ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ማጭበርበር በአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

በዚህ ጉዳይ ከአንድ ናይጄሪያዊ ሙስሊም ነጋዴ ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ። ሰውዬው ሶላቱን የማያጓድል፣ በንግዱም ቀና ሰው ነው። ሆኖም ለእነዚህ ልጆች ጥብቅና ቆመ። «መንግሥት ያልሠራልንን መንገድ ይሠራሉ፤ የስንቱን የቲም ትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናሉ። ደግሞስ ነጮቹ ከእኛ የወሰዱት ያንሳልን? የአባቻ ዘመን ምዝበራ በማን ባንክ ተቀመጠ?» አለኝ። መጨረሻ ላይም የቁርዓን ማስረጃ አመጣ፤ በሱረቱ ሁድ አንቀጽ 114 መልካም ሥራዎች መጥፎዎቹን እንደሚያስወግዱ አላህ (ሱ.ወ.) ነግሮናልና።

ስለ ባንኮቹ የተናገረው ውሸት የለበትም። ስዊዘርላንድ ከሳኒ አባቻ ቤተሰብ ጋር ከተያያዘው ገንዘብ 321 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመመለስ የተስማማችው አምባገነኑ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ ያናድዳል። ነገር ግን ዕዳ ያለበት ሌላ፣ የተዘረፈው ሌላ! እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2019 ሎስ አንጀለስ ላይ አብዛኞቹ ናይጄሪያውያን የሆኑ 80 ሰዎች ሲከሰሱ በክሱ ከተዘረዘሩት ተበዳዮች አንዷ ጃፓናዊት ሴት ነበረች። በኢንተርኔት የተዋወቃት «የአሜሪካ ጦር ሻምበል ነኝ፤ ሶርያ ውስጥ ነው ያለሁት» ብሎ አፈቀርኩሽ አላት። በዚያ ስም 200,000 ዶላር ያህል ላከች፤ የራሷ ሲያልቅ ከወዳጆቿና ከቤተሰቧ ተበደረች። ጃፓን ናይጄሪያን መቼ ገዛች? ይህች ሴትስ ከአባቻ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ደርሷት ያውቃልን?

ወደ ቁርዓኑ ማስረጃ እንመለስ። ዑለማዎች ሐጢአትን ሁለት አድርገው ይለያሉ፤ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ አለ፣ በባሪያውና በሌላ ሰው መካከል ያለ አለ። ሶላት፣ ጾምና ሰደቃ የሚያብሱት ፊተኛውን ነው። ኋለኛው ባለቤት አለው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችን «ሙፍሊስ» ማለት ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸው፣ እነርሱም ገንዘብ የሌለው ነው ብለው ሲመልሱ፣ የኡመታቸው ሙፍሊስ ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ ነገር ግን የሰው ገንዘብ የበላ፣ ሰው የሰደበና የመታ መሆኑን አስተምረዋል። ለተበዳዮቹ ከመልካም ሥራው እየተነሳ ይከፈላል፤ ሲያልቅበት የእነርሱ ሐጢአት ይጫንበታል። እንግዲህ መልካም ሥራ የበደሉ መክፈያ ሆኖ ይሄዳል እንጂ በደሉን አይሰርዝም ማለት ነው።

የኸይበሩን ነገር ደግሞ እዩ። የነቢዩ አገልጋይ የነበረው ሚድዐም ከዘመቻው ሲመለሱ ቀስት ወግቶት ሞተ። ሰዎቹ ጀነት ገባ ብለው ደስ አላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ልብስ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኗን ነገሯቸው። አንዲት ልብስ ናት! ባለውለታነቱም፣ በዘመቻ ላይ መሞቱም አላስጣሉትም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የአል-ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው፤ ቡኻሪ በሑደይቢያ ዘገባ ውስጥ አስፍረውታል። ከመስለሙ በፊት አብረውት የተጓዙ ሰዎችን ገድሎ ገንዘባቸውን ይዞ መዲና መጣ። ሟቾቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ነቢዩ እስልምናውን ተቀበሉት፤ ገንዘቡን ግን በክህደት የተገኘ ነውና አልነካም አሉ። በዚያን ጊዜ ሙስሊሙ ድሃ ነበር፤ ገንዘቡ ለስንት ጉዳይ ይውል ነበር! ወደ መዲና ሲሰደዱም ሊገድሏቸው ያሴሩት ቁረይሾች በአደራ ያስቀመጡትን ንብረት ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዓሊይን (ረ.ዐ.) መካ ትተውት ሄደዋል። «ካፊር ስለሆነ ገንዘቡ ይበላል» የሚል ሰው ይህን ምን ያደርገዋል? ኢማም አሽ-ሻፊዒይም በጠላት አገር በአማን፣ ማለትም በጥበቃ ቃል የገባ ሙስሊም ከዚያ አገር ሰዎች ገንዘብ ጥቂትም ብትሆን ሊወስድ እንደማይፈቀድለት አስረድተዋል። ዛሬ በፓስፖርታችን ላይ የሚመታው ቪዛ ከዚህ አማን በምን ይለያል?

ለጋስነቱስ? ሐሽፓፒ በሚል ስም ሀብቱን በኢንስታግራም ያሳይ የነበረው ራሞን አባስ ዱባይ ላይ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2020 ተይዞ በኋላ ጥፋቱን ሲያምን፣ ከተዘረፉት አንዱ ቀጠር ውስጥ ትምህርት ቤት ለማሠራት ብድር ይፈልግ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያው ገንዘብ ለአንድ የእጅ ሰዓት ብቻ 230,000 ዶላር ወጥቷል። ከተረፈው ላይ ለችግረኞች ዘይትና ሩዝ ቢገዛ ኖሮ የሚመሰገነው ማን ነበር? ገንዘቡ የእሱ አልነበረምና። የበላው ድሃ ሊያመሰግን ይችላል፤ ይቅር ሊል ግን አይችልም። ይቅርታው ያለው ገንዘቡን በተነጠቀው ሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ የመስጊድ ኮሚቴዎችም ነገር ይነሳል፤ በሌጎስ ብቻ ሳይሆን በእኛም ዘንድ። ሥራው የማይታወቅ ወጣት ከውጭ መጥቶ ለሚናራው እኔ አለሁ ሲል ፎቶ ከማንሳት በፊት «ልጄ፣ ምን ሠርተህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ስንት አለ? መጠየቅ ማዋረድ አይደለም። በሐላል ያገኘው በደስታ ይናገራል።

ገንዘቡን አስቀድሞ የወሰደና የተጸጸተ ሰው ምን ያድርግ ለሚለው መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። ኢማም አን-ነወዊ «አል-መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ከኢማም አል-ገዛሊ ጠቅሰው እንዳብራሩት ባለቤቱ ከታወቀ ለእሱ፣ ከሞተ ለወራሹ ይመለሳል። ባለቤቱ ጨርሶ የማይገኝ ሲሆን ነው ለድልድይ፣ ለመስጊድና ለመሳሰለው የሕዝብ ጥቅም የሚውለው። ያም ቢሆን ከሐራም ለመገላገል እንጂ የሰጪው ሰደቃ ሆኖ አይደለም። በኢሜይልና በባንክ የተዘረፈ ሰው ደግሞ ስሙም አድራሻውም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ባለቤቱ ጠፋ የሚባልበት ምክንያት የለም። የሎስ አንጀለሱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ራሞን አባስን በ11 ዓመት ከ3 ወር እስራት ሲቀጣ፣ ወደ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት ተበዳዮች እንዲመልስ አዟል።