ልጆች በመኪና ሲሳፈሩ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲሄድ ሁሉ ይጠነቀቅለታል። ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ግን «እርሱማ አድጓል» ይባልና በመኪና ሲሳፈር የሚያስብለት ይታጣል። ይህም ታላቅ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ገለጸው፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ አብልጦ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የምትጋልብ በቅሎ በድንገት ብትቆም፤ ያልተጠነቀቀ ሰው በአንገቷ ላይ አልፎ ይወድቃል። በቅሎዪቱ ብትቆምም የሰውየው አካል ወደ ፊት መሄዱን አልተወምና። መኪናም እንደዚሁ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከግንብ ጋር ቢጋጭ፤ ያልታጠቀ ተሳፋሪ የሚላተምበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ካለው ፍጥነት ጋር ይተካከላል። ይህን በእጅ ጨብጦ መቋቋም አይቻልም።

ስለዚህ ኒልስ ቦሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ደረትንና ዳሌን አንድነት የሚይዘውን የመኪና ቀበቶ ሠራ። ቀበቶው ኃይሉን የሚያሳርፈው በጠንካራ አጥንት ላይ ነው። ነገር ግን በጎልማሳ ልክ የተሠራ ስለ ሆነ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር ያህል ላልደረሰ ልጅ በሆዱና በአንገቱ ላይ ያርፋል። ሆድን የሚጋርድ አጥንት የለምና በግጭት ጊዜ የውስጥ ዕቃው ይጎዳል። ለእንደዚህ ያለው ልጅ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

የሚጠበቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ልጁ ጀርባውን ከመደገፊያው አስጠግቶ ሲቀመጥ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፍ፤ ካልታጠፈ ለጎልማሳ ቀበቶ ገና አልደረሰም።

2ኛ፤ የታችኛው ቀበቶ ከሆድ ዝቅ ብሎ በዳሌው፤ የላይኛው በትከሻው መካከል ይለፍ። «አንገቴን ከረከረኝ» ብሎ በብብቱ ሥር ቢያሳልፈው ጥቅሙ ይጠፋል።

3ኛ፤ አንድ ቀበቶ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው።

4ኛ፤ እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በኋላ ወንበር ይቀመጥ። በፊት በኩል ያለው የአየር ከረጢት በግጭት ጊዜ በብርቱ ኃይል ስለሚነፋ ልጁን ሊጎዳው ይችላል።

5ኛ፤ ሲወርድ በመንገዱ ዳር በኩል ይውረድ፤ መኪናው ሄዶ መንገዱ ሳይታይ አይሻገር።

ከሁሉ የከፋው በገበያና በሠርግ ቀን ልጆችን በጭነት መኪና ላይ፤ ከእህል ጆንያ በላይ አስቀምጦ መላክ ነው። በዚያ ላይ የሚይዛቸው ቀበቶ የለምና፤ አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ ጠማማ መንገድ አሽቀንጥሮ ይጥላቸዋል። ልጅ ዘግይቶ ቢደርስ ይሻላል።

መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ያስረዳ፤ ሽማግሌም በተሰሚነቱ ሾፌሩንና ወላጁን ይምከር። አባት ራሱ ሳይታጠቅ ልጁን «ታጠቅ» ቢለው ግን ምክሩ ከጆሮ አያልፍም።

ጥያቄ፤ መኪና በድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ወደ ፊት የሚወረወረው ስለ ምንድር ነው? ቀበቶ በሆድ ላይ ቢያርፍ ምን ጉዳት ያመጣል?