ከፍራሽ ሥር የወጣ ሀብት፡- ፈጠራ ለኢኮኖሚ ዕድገት ያለው ሚና



«አዲስ ፈጠራ» የሚለው ቃል በኛ በሙስሊሞች ዘንድ አንዳንዴ ጥርጣሬ ያጭራል፡፡ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ቢድዓ ነውና፡፡ ይሁን እንጂ ዑለማዎች የሚከለክሉት በዲን ላይ መጨመርን ነው፤ በእርሻ፣ በንግድና በሕክምና የተሻለ ዘዴ መፈለግ ከዚያ ውስጥ እንደማይገባ የተምር ዛፍ ማዳቀልን አስመልክቶ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ በዚህ ላይ አልቆይም፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፈጠራ ሲባል ማሽንና ኮምፒዩተር ብቻ መስሎ መታየቱ ነው፡፡ ድሃ ሕዝብን ካለበት ከፍ ካደረጉት ፈጠራዎች አንዳንዶቹ ከደብተር፣ ከማኅተምና ከመተማመን በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም፡፡ ለዚህ የማሌዥያን ታሪክ ላንሣ፡፡

ያኔ ማላያ ትባል የነበረችው አገር ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፡፡ አብዛኛው የማላይ ሙስሊም በገጠር በሩዝና በጎማ እርሻ የሚተዳደር ሲሆን ንግዱ በአመዛኙ በሌሎች እጅ ነበር፡፡ ገበሬው ገንዘብ አያጠራቅምም ነበር ማለት አይደለም፡፡ ለሐጅ ሲል ለዓመታት ያጠራቅማል፤ ነገር ግን ወለድን ስለሚሸሽ ባንክ አይሄድም፡፡ ከፍራሽ ሥር፣ ከትራስ ውስጥ፣ ከሣጥን ሥር ይደብቃል፡፡ የጎደለውን ለመሙላት መሬቱንና ከብቱን ይሸጣል፡፡ ከመካ ሲመለስ «ሐጂ» ተብሎ ይከበራል፤ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም፡፡ ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ መሆኑ ይታወቃል፤ ናፍቆት ግን ሒሳብ አይሠራም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1959 ኡንግኩ አዚዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ለመንግሥት አንድ የጥናት ጽሑፍ አቀረቡ፡፡ ገበሬውን ወለድ አትፍራ ብለው ሊያግባቡት አልሞከሩም፡፡ እምነቱን እንዳለ ተቀብለው፣ ለሱ የሚስማማ ተቋም ነደፉለት፡፡ ተቋሙ ጥቂት ጥቂቱን ቁጠባ ይቀበላል፤ በሐላል ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ትርፉን ለቆጣቢው ያካፍላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ሲጀምር የነበሩት ቆጣቢዎች 1,281 ብቻ ነበሩ፡፡ በ1969 ከሐጅ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ጋር ተዋሐደና የጉዞውንም ዝግጅት ያዘ፡፡ ዛሬ ታቡንግ ሐጂ በመባል የሚታወቀው ይኸው ነው፡፡ ቆጣቢዎቹም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሆነዋል፡፡ ገንዘቡ በፓልም ዘይት እርሻ፣ በሕንጻና በኩባንያ አክሲዮን ላይ ዋለ፡፡ እስቲ ይህን አስተውሉት፡፡ ቁራሽ መሬቱን ሸጦ ይሄድ የነበረው ገበሬ፣ መሬቱ ሳይነካ፣ በሳንቲም ቁጠባው የሰፊ እርሻ ትርፍ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው፡፡

በዚያው በ1963 በግብጽ ሚት ጋምር በምትባል የናይል ዴልታ ከተማ ዶክተር አሕመድ አል-ነጃር ተመሳሳይ ሙከራ ጀምረው ነበር፡፡ በጀርመን ያዩትን የአካባቢ ቁጠባ ባንክ ወስደው ወለዱን አወጡለት፡፡ መንግሥት እንዳይጠረጥራቸው ባንኩን በእስልምና ስም አልጠሩትም፡፡ ሙከራው በ1967 ቢቆምም ሐሳቡ ግን ተስፋፋ፡፡

እንዲህ ዓይነቱ ፈጠራ ታዲያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፡፡ ታቡንግ ሐጂ ራሱ ንብረቱ ከዕዳው አንሶ ሳለ ለቆጣቢዎች ትርፍ ሲያከፋፍል መቆየቱ በ2018 ይፋ ሆነ፡፡ ያላዋጡትን ንብረቶች መንግሥት ባቋቋመው ኩባንያ በኩል መረከብ ግድ ሆነ፡፡ «የሐጅ ገንዘብ ነው፣ ማን ይደፍረዋል?» የሚለው የዋህነት ኦዲተርን አይተካም፡፡

ወደ አገራችን ልምጣ፡፡ በመርካቶ የማውቃቸው ነጋዴዎች ለዓመታት ገንዘባቸውን ባንክ ሲያስቀምጡ ወለዱን «አታስቡልን» ይሉ ነበር፡፡ ገንዘቡ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለሌላ ነው፡፡ ዕቁብ የቻለውን ያህል ረድቷል፤ ሆኖም ፋብሪካ አያቆምም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ2019 ራሱን የቻለ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በራቸውን ከፈቱ፡፡ አል-ሐምዱሊላህ፣ ይህ በብዙ ልፋት የተገኘ ነው፡፡

እኔ ግን የምፈራው በግማሽ መንገድ እንዳንቆም ነው፡፡ ሙራበሓ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ የሚሸጥበት ውል፣ ሐላል ነው፤ ለባንኩም ስጋቱ ቀላል ነው፡፡ ሆኖም በይበልጥ የሚጠቀምበት ማስያዣ ያለው አስመጪ ነው፡፡ እጁ ላይ ሙያ ብቻ ያለው ጫማ ሰፊ ወይም ሸማኔ የሚያስፈልገው ሙዳረባና ሙሻረካ ነው፤ ባንኩ ትርፉንም ኪሳራውንም አብሮ የሚካፈልበት ማለት ነው፡፡ ይህ ደግሞ ወደ ሥራ ቦታው ወርዶ ደብተሩን የሚያይ፣ ሰውየውን የሚያውቅ ሠራተኛ ይጠይቃል፡፡ ትልቁ የፈጠራ ሥራ የቀረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ ስለሆነም ባለአክሲዮን የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከዓመቱ ፋይናንስ ውስጥ ስንቱ በሙዳረባና በሙሻረካ እንደተሰጠ፣ ስንቱስ ለአነስተኛ አምራቾችና ለገበሬዎች እንደደረሰ በቁጥር እንዲነገራችሁ ጠይቁ፡፡