ሞት ያለበት ምንቸት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በጾም ወራት በሐዋሳ አሞራ ገደል በኩል ማለፍ ፈተና ነው። የሚጠበሰው ቆሮሶ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። እኛ ግን አልፈነው ወደ ሽሯችን እንሄዳለን። መልካም ነው፤ ሽሮው ውስጥስ ምን እንዳለ ጠይቀን እናውቃለን?

ነቢዩ ኤልሳዕ በጌልገላ ሳለ ረሃብ ነበረ። አንዱ ደቀ መዝሙር ቅጠል ሊለቅም ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ሐረግ ፍሬ አመጣና ምንቸቱ ውስጥ ጨመረው። የቀመሱት ሁሉ ሞት እንዳለበት ጮኹ። ነቢዩ ዱቄት አስመጥቶ ቢጨምርበት ክፉ ነገር አልተገኘበትም (2ኛ ነገ. 4፥38-41)።

በሀገራችንም እንዲህ ያለ ምንቸት አለ። ጓያ አበባው የሚያምር፣ ድርቅም የማይበግረው ጥራጥሬ ነው። ውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ለወራት እሱን አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ ፈረስ እንኳ ከበላው የኋላ እግሩ ይዝላል። አእምሮ አይነካም፤ የተሳሰረውን እግር የሚፈታ መድኃኒት ግን የለም። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻም ከድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት ብዙዎችን፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶችን፣ በምርኩዝ አስቀርቷል።

አንዳንዱ «እንፋሎቱ መትቶት ነው፣ ገለባው ላይ ሄዶ ነው» ይላል። ወገኖቼ፣ የሚጎዳው መብላቱ ነው። እሸቱም ቆሎውም ንፍሮውም ያሰጋል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ አቡክቶ መጋገር ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ሽሮ የምትሸጡ እናቶችና እኅቶችም፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ለገዢው ሳትነግሩ ጓያ አትቀላቅሉ። ይህ የወንድምን እግር መሸጥ ነው።

ልብ በሉ! ሰው ጓያ ብቻ የሚበላው ወዶ አይደለም። ጤፉና ስንዴው ሲጠፋ ጓያው ብቻውን ስለሚቀር ነው። እንግዲህ የኤልሳዕ ዱቄት ዛሬ የት ነው ያለው? በእኔና በእናንተ ጓዳ ነው። ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ነቢዩ ኢሳይያስ አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥7)። ከሥጋና ከወተት የተረፈችው ገንዘብ ኪሳችን ውስጥ ካደረች ጾማችን ምግብ መቀየር ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጣሳ ስንዴ ሆና ለተቸገረው ጎረቤት ከደረሰች ግን ሞቱ ከምንቸቱ ይርቃል።

ጾሙን ጾመ በረከት ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።