ምዕራፍ ሰባት፦ የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ጠፍቶ የቆየ ዘመድ ድንገት ብቅ ሲል «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። ወፏ በዓመት አንዴ፣ መስከረም ሲጠባ ታይታ ትሰወራለች የሚለው እምነት ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን አድጓል። እኔም ለረጅም ጊዜ ባሕር ተሻግራ የምትመጣ እንግዳ ትመስለኝ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመስቀል ወፍ ብለን ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገር ውስጥ ናቸው። ክረምቱ ሣሩን ሲያስረዝምና ዘሩን ሲያበዛ የመራቢያ ጊዜያቸው ይደርሳል። ያኔ ወንዱ እንደ ዝርያው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ጥቁር ላባ ይለብሳል፤ ጅራቱ የሚረዝምም አለ። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጌጥ አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አጥራችን ላይ ቢያርፍ እንኳ ድንቢጥ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ስለ ዕረፍት የማውቀውን ከዚህች ወፍ ተምሬያለሁ። ዕረፍት ማለት ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ኖሮ ያላስተዋልነውን የምናይበት ጊዜ ነው።

ጊዜውን አስቀድሞ መያዝ

በቀደምት አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ነው፤ በማግስቱ መፀው ይገባል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ቀናት እንግዲህ የሁለቱ ወቅቶች ደጃፍ ናቸው። ዝናቡ ይሳሳል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ ሜዳው ይደምቃል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ብዙዎቻችን ግን ይህን ፈቃድ ለሠርግና ለጉዳይ ማስፈጸሚያ እየቆነጠርን እንጨርሰዋለን። ከውስጡ ሦስት ወይም አራት ቀን ለመስከረም ያስቀሩ። ጥያቄውንም አለቃዎ ዘንድ የሁሉም ሰው ጥያቄ ከመከመሩ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ያቅርቡ።

አንድ የእጅ ሥራ

በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ። ፀሐይ፣ መልአክ፣ አበባ ይሥላሉ፤ ቀለሙ ከመስመሩ ቢያልፍም ሥዕሉ የልጁ ነው። ዛሬ ብዙ ልጆች የታተመ ካርድ ገዝተው ያዞራሉ። ዘንድሮ ጳጉሜን ላይ ወረቀትና ቀለም ገዝተው ከልጆች ጋር አንድ ከሰዓት ይቀመጡ። ከወንዶቹ ጋር ሴቶቹም ይሣሉ፤ እርስዎም አብረው ይሣሉ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲሳሳትና ሲያርም ማየት አለበት፤ መሞከር የሚደፍረው እንደዚያ ሲያይ ነው።

እናትዎ ወይም አያትዎ ስፌት የሚያውቁ ከሆነ ሌላ ሀብት እጅዎ ላይ አለ። ወስፌ፣ አክርማና ስንደዶ አዘጋጅተው አጠገባቸው ይቀመጡ። ስንደዶው ቀለም ተነክሮ አለላ ሲሆን ይመልከቱ። ሞሰብ ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ለመጀመሪያው መስከረም የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ትበቃለች። ስልክ የለመደ ጣት ሣር ሲይዝ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ቆይቶ ግን ሐሳብም እጅን ተከትሎ ይረጋጋል።

አንድ የእግር መንገድ

በመስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጉዞዎን በማለዳ ያድርጉት። ሣሩ ጤዛ ይይዛልና ውኃ የማያስገባ ጫማ ያድርጉ። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እንጦጦና የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ናቸው። ከከተማው ወጣ ለማለት የፈለገ መናገሻ ሱባ ሄዶ ከጽድና ከዝግባ ሥር ይቀመጥ።

እዚያ ሲደርሱ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት አንዲት አደይ አበባ ጎንበስ ብለው ይዩ። አንድ አበባ የምትመስለን አደይ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። ዳር ዳር ያሉት ቢጫዎች ነፍሳትን ይጠራሉ፤ ዘር የሚይዙት መሃል ላይ ተጨናንቀው ያሉት ናቸው። ንቦች ሲመላለሱባትም ያያሉ። በጥቅምትና በኅዳር ከደጋው ቀፎ የሚቆረጠው ማር ከዚህ ምልልስ የሚገኝ ነው። ይህን ያየ ልጅ ማር ሲልስ አደይን ያስታውሳል።

ጓዳም ይረፍ

አሁን ልቤን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። በብዙ ቤት በዓል ማለት ለሳሎኑ ዕረፍት፣ ለጓዳው ግን ድርብ ሥራ ነው። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ዶሮው ይበለታል፣ ጠላው ይጠመቃል፤ እናት ጠግባ ሳትተኛ በዓሉ ያልፋል። የአንዷ ድካም የሌሎቹን ምቾት የሚሸከምበት ቤት አረፈ አይባልም።

መፍትሔው ከበዓሉ ሳምንት በፊት የሚደረግ አጭር ንግግር ነው። ገበያ ማን ይሄዳል? ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል? ዕቃውን ማን ያጥባል? ስም እየጠሩ ይከፋፈሉ፤ ወንዶች ልጆችም ድርሻቸውን ይያዙ። ከዚያ አንድ ቀን ቡናውን እናት ያልሆነ ሰው ያፍላ። ቀጤማ ጎዝጉዞ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ እሱ ያስተናግድ፤ እናትም እንደ እንግዳ ተቀምጣ ትጠጣ። ያን ቀን የምትናገረውን ጨዋታ ልጆቿ ከዚያ በፊት ሰምተውት ላያውቁ ይችላሉ።

የምዕራፉ ልምምድ

1. በትንሽ ደብተር ላይ ለዚህ መስከረም አንድ የእጅ ሥራ፣ አንድ የእግር መንገድና አንድ የቤት ሥራ ክፍፍል ይጻፉ። ከሦስቱ በላይ አይጨምሩ።

2. በእግር መንገድዎ ላይ ያዩትን ደማቅ ወፍ ቀለም፣ ቦታና ቀን ይመዝግቡ።

3. በጥምቀት ሰሞን ደብተሩን ይዘው ወደዚያው ቦታ ይመለሱ። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ አደዩም ረግፏል። ቁጥቋጦው ላይ ተሰብስበው ዘር የሚለቅሙትን ቡናማ ወፎች ቆም ብለው ይዩአቸው። ከመካከላቸው አንዱ በመስከረም የመዘገቡት ሊሆን ይችላል።