እንዶድ፦ ከልብስ አጣቢዎች ወንዝ እስከ ቤተ ሙከራ

ሳሙና በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የነጭ ልብስ ክብር የሚጠበቀው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የአረፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሆነው ይህንኑ የቆየ ሥራ ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ነበር፤ በሌሎቹ የወንዙ ክፍሎች ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

የቀንድ አውጣ ሞት ለሐኪም ምኑ ነው? የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከበሽተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል። የተፈለፈለው እጭ በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ሰውነት ውስጥ ካልተባዛ ወደ ሰው ሊመለስ አይችልም። ከተባዛ ግን ወጥቶ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በታማሚው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ የዳነው ሕፃን ወደዚያው ወንዝ ከወረደ ግን ዳግመኛ ይያዛል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ሰንሰለቱን ከመካከል መበጠስ ነው።

እንግዲህ እኛ የፊዚክስ ሰዎች የምንገባው እዚህ ላይ ነው (አንባቢ የሙያ አድልዎአችንን ይታገሠን)። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አንድ ጫፉ ስኳር በመሆኑ ውኃን ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ ስብን ይወዳል። ውኃው ገጽ ላይ ሲሰለፍ የገጽ ውጥረቱን ይቀንሳል፤ አረፋውም ከዚህ ይመነጫል። የሕያው ሴል ሽፋንም በአብዛኛው ስብ ስለሆነ ሳፖኒኑ ሽፋኑን ያናጋዋል። የሚያስገርመው ግን ፍሬው ሳይነካ ሳለ በውስጡ ያለው ሳፖኒን ደካማ መሆኑ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ኢንዛይም አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥለታል፤ ኃይለኛ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ፍል ውኃ ወይም አልኮል ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። እናቶቻችን በቀዝቃዛ ውኃ የዘፈዘፉት ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቋንቋ ባይናገሩም ዘዴው ትክክለኛ ነበር።

የሕክምናው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ የግብርና ጥያቄ ሆነ። እንዶድ ወንድና ሴት ተክል ስላለው ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው፤ ከዘር የበቀለው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዓይነቶችን አነጻጽረው በኃይሉ፣ በምርቱና ተባይን በመቋቋሙ ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። እንዲህ ያለውን የተመረጠ ዓይነት በቁርጥራጭ ግንድ ማራባት ይቻላል።

በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ በሕዝቡ መካከል የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7። ሁለተኛው ቁጥር በእኛ አስተያየት ይበልጥ ይናገራል፤ ሕፃናቱ አዲስ የተያዙ ናቸውና የወንዙን ሁኔታ በቀጥታ ያሳያሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የውጭው ዓለም የደኅንነት ማረጋገጫ መጠየቁን አልተወም፤ ዓመታትም አለፉ። ጥያቄው መሠረት አልባ ነበር ለማለት አንደፍርም። እንዶድ ዓሣን ይገድላልና፣ ዓሣ በሚጠመድበት ውኃ ውስጥ መጨመሩ ከባድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዋነኛው አማራጭ የሆነውና በፋብሪካ የሚሠራው ኒክሎሳማይድም ዓሣን አይምርም፤ ዋጋውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ለተማሪዎች አንድ ትንሽ ሙከራ እንጠቁም። በአንድ ጠብታ መቁጠሪያ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ፣ ቀጥሎ የተጣራ የእንዶድ ውኃ በማንጠብጠብ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚሆን ቁጠሩ። የእንዶዱ ጠብታ ስለሚያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ንጽጽር የገጽ ውጥረቱ ምን ያህል እንደቀነሰ በግምት ማስላት ይቻላል። ከዚያም ያንኑ ፍሬ በፍል ውኃ ዘፍዝፋችሁ ቆጠራውን ድገሙት። ዓይናችሁንና አፋችሁን ጠብቁ፤ የተረፈውንም ወደ ወንዝ አትድፉ።