መድኃኒት ሲቀነስ መጠጥን ምርኩዝ ስለ ማድረግ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ለአእምሮ ሕመም የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ እየቀነሰ የጎደለውን በአረቄ የሚሞላ ሰው በምን አደጋ ላይ እንደ ቆመ ነው። ይህ ነገር ደቀ መዛሙርትን ምን ያገባቸዋል ቢሉ፥ ወደ ጠበል ከሚመጡት ተሳላሚዎች አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ስለ ሆኑ፥ ሌሊት ከበሽተኛው አጠገብ የሚያድረውም ደቀ መዝሙር ስለ ሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት በእንግዳ ማረፊያችን አደረ። ይህ ወጣት በጅቡቲ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ፥ የመንን በእግሩ አቋርጦ፥ በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን የገባ ስደተኛ ነበረ። ጂዛን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ በየመን ወሰን የሚገኝ አገር ነው፤ በተራራው ላይ ያለችው አል ዳየርና መሰሎቿ የድንበር ከተሞችም በእግር የሚመጣውን ስደተኛ አስቀድመው የሚያገኙት ናቸው። በዚያ መንገድ የሚደርሰው መከራ የታወቀ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ዘገባ፥ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ድረስ በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደ ገደሉ ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን ክሱን አልተቀበለም። ከዚያም በፊት በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተመልሰዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሥጋው ተመልሶ እንቅልፉ በዚያ የቀረ ጥቂት አይደለም።

የእኛም እንግዳ በድንበሩ ላይ ሁለት ባልንጀሮቹን አጥቶ ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ መጠጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ ለሕዝቡ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፥ በስውር የሚወጣ አረቄ ከስደተኛው መንደር አልጠፋምና፥ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በእርሱ ሆነ። ወደ አገሩ ሲመለስ ሐኪም መርምሮ ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊንና ዲያዜፓም አዘዘለት፤ በዚህም ጥቂት ወራት ደኅና ተኛ። በኋላ ግን የመንደሩ ሰው «የእብድ ኪኒን ይውጣል» እያለ ቢያሳፍረው፥ ኪኒኑን ግማሽ፥ ቀጥሎም ሩብ እያደረገ በምትኩ ዳግም አረቄ መጠጣት ጀመረ። «አባ፥ ኪኒኑን ልተወው ምንም አልቀረኝ፤ አሁን የሚያስተኛኝ መለኪያው ነው» አለኝ፤ እንደ ድልም ቈጠረው።

አሁን ነገሩን በየተራው እንመርምር።

አንደኛ፥ መድኃኒቱ ሲጎድል የሚመጣው ምንድን ነው? አእምሮ ለብዙ ወራት ከለመደው መድኃኒት በድንገት ሲለይ እንቅልፍ ይርቃል፤ ላብ፥ ጭንቀት፥ የእጅ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ይህ አንዳንድ ጊዜ የልማዱ መፈታት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የቀድሞው ሕመም መመለስ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሐኪም ያስፈልጋል። በሽተኛው መጠጥ ከጨመረበት ግን ሐኪሙም ቢሆን መለየት ይቸግረዋል፤ ምልክቱ ሁሉ ተደበላልቋልና።

ሁለተኛ፥ መጠጥ የሚረዳ ስለ ምን ይመስላል? አስቀድሞ ስለሚያስተኛ ነው። ነገር ግን ሰውነት አልኮሉን አቃጥሎ ሲጨርስ እንቅልፉ ይሰበራል፤ ሰውየው ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ልቡ እየመታ ይነቃል፥ ጠዋትም ጭንቀቱ በርትቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በማግሥቱ መለኪያው ሁለት ይሆናል። ጠላ ከመቶ እጅ ከ2 እስከ 6 ያህል አልኮል ሲኖረው፥ ዳግም አረቄ እስከ 45 ይደርሳል። ከኪኒን ነፃ ወጣሁ የሚለው ሰው እንግዲህ መጠኑን ማንም ወደማይለካለት ሌላ ጌታ ገብቷል።

ሦስተኛ፥ ሁለቱ በአንድ ሆድ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ዲያዜፓምና አልኮል አእምሮን የሚያደነዝዙት በአንድ በር ገብተው ነው። ለብቻው የማይገድል መጠን፥ ሁለቱ ሲተባበሩ እስትንፋስን እስከ ማቆም ይደርሳል። አሚትሪፕቲሊንም ከመጠጥ ጋር ድንዛዜን ያበዛል። በስውር የሚወጣ አረቄ ደግሞ ሜታኖል ከተቀላቀለበት ዐይን ያጠፋል፥ ይገድላልም።

አራተኛ፥ ሁለቱም በአንድ ቀን ሲቆሙስ? ደቀ መዛሙርት ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ በሉ። ወጣቱ ጠበል በጀመረ ዕለት አረቄውንም የቀረውን ኪኒንም በአንድነት ጣለ፤ በዚያም ላይ እህል ሳይቀምስ ዋለ። ሐሳቡ መልካም ነበረ፥ መንገዱ ግን አልነበረም። በሁለተኛው ሌሊት እጁ ተንቀጠቀጠ፤ በሌለ ሰው ላይ ጮኸ፤ ወድቆም ተንፈራገጠ። እኔም ከሌሎቹ ጋር የሌላ መንፈስ ነገር መስሎኝ መስቀል ብቻ ይዤ ቆምኩ። አንድ አረጋዊ አባት ግን «ይህ ልጅ ምን ይጠጣ ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ በሰምተውም ጊዜ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ እንድንወስደው አዘዙ። በዚያም ተረፈ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ዕለት ዕለት አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጥለው ይችላል፤ በሁለተኛው፥ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ሕክምና ካላገኘም ሊሞት ይችላል። ዲያዜፓምንም በድንገት ማቆም እንደዚሁ ይጥላል። የምግብ ማጣትም የቫይታሚን ቢ1 እጥረትን ያብሳል።

«ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ስለ ወይን መክሮት የለምን?» የሚል ቢኖር፥ ያ ምክር ስለ ሆድ ሕመም ጥቂት ወይንን የሚመለከት ነው እንጂ ለሌሊት ፍርሃት አረቄን ያዘዘ አይደለም እንበለው። «ጠበል ከመጣሁ ኪኒን አያስፈልገኝም» ለሚለውም፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን እናስታውሰው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር ያስተምራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሽተኛ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? መቼ ቀነስህ? ምን ያህልስ ትጠጣለህ? ጥያቄውም ለብቻው፥ ያለ ተግሣጽ ይሁን፤ ያፈረ ሰው መለኪያውን ይደብቃልና። መድኃኒቱን መቀነስ ቢያስፈልግ ያዘዘው ሐኪም በሳምንታትና በወራት ጥቂት በጥቂት ይቀንስለት። ዕለት ዕለት የሚጠጣም በጠበል ስፍራ በድንገት አያቋርጥ፤ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚንቀጠቀጥ፥ የሚቃዥ ወይም የሚወድቅ ቢኖር ሌሊት ነው ሳንል እንውሰደው። ወላጆችም ከስደት የተመለሰ ልጃችሁን ስለ ኪኒኑ አታሳፍሩት።

ያ ወጣት ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ኪኒኑን በሐኪም ትእዛዝ ይውጣል፤ አረቄውን ትቷል። ሌሊት አሁንም አልፎ አልፎ ይነቃል፤ በነቃ ጊዜ ግን የሚቀሰቅሰው ወንድም አጠገቡ እንዲተኛ አድርጓል። ስለ ባልንጀሮቹም የነገረን በዚያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለማንም አልተናገረም ነበርና።