ማተብ ሲበጠስ፣ ማተብ ሲታሰር

(ደብረ ታቦር፣ ከቅዳሴ በኋላ። አንድ የአቋቋም መምህርና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።)

ተማሪ፦ የኔታ፣ እኅቴ ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው ያለችው። ማዳሟ ማተብሽን በጥሺ ብላት በጠሰችው። ስሟንማ ከመሄዷ በፊት ደላላው ለቪዛ ይመቻል ብሎ አስቀይሯታል። እናቴ የማተቡን ነገር ከሰማች ወዲህ ስልኳን አታነሣላትም። ክዳለች ትላለች። እውነት ክዳለች?

የኔታ፦ በጥሺ ስትባል ወዲያው በጠሰች?

ተማሪ፦ የለም፣ እንቢ ብላ ሰንብታ ነበር። በኋላ ምግብ ከለከሏት፣ በር ቆለፉባት።

የኔታ፦ እንግዲያው ጥያቄሽ አሮጌ ነው፤ መልስም ተሰጥቶበታል። ኅዳር 29 የምናስበውን ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስን ታውቂዋለሽ?

ተማሪ፦ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የነበረው።

የኔታ፦ እሱ። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከዚያ ንጉሥ ዘመን፣ ከ277 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ስደቱ ሲበረታ ብዙ ክርስቲያን ለጣዖት ሠዋ። እየተጸጸቱ ሲመለሱ ምን ይደረጉ ተባለ። ጴጥሮስ በ298 ዓ.ም. ቀኖና ጻፈላቸው፤ ሁሉንም ግን በአንድ አልፈረደባቸውም። ተገርፎና ተሠቃይቶ ሥጋው ለደከመበት፣ ሦስት ዓመት ሲያለቅስ ከቆየ፣ 40 ቀን ጾም ብቻ ጨመረለት። እስሩ ብቻ አስፈርቶት ለካደ አንድ ዓመት። ማንም ሳይነካው ለሮጠ ከዚያ በላይ። ደግሞ ክርስቲያን ጌቶች ነበሩ፤ ራሳቸው ላለመሠዋት ባሮቻቸውን በምትካቸው የላኩ። ባሮቹም ክርስቲያን ናቸው። ለባሪያው አንድ ዓመት፣ ለጌታው ሦስት ዓመት ሰጠ።

ተማሪ፦ ማዳሟ ግን ክርስቲያን አይደለችም።

የኔታ፦ ስለ ማዳሟ መች አወራሁ? ያንቺን የትምህርት ወጪ ማን ይልካል?

ተማሪ፦ እሷ።

የኔታ፦ የእናትሽ ቤት ቆርቆሮስ?

ተማሪ፦ እሱም የሷ ነው።

የኔታ፦ ደላላው ስሟን ሲቀይር እናትሽ አላወቀችም?

ተማሪ፦ ታውቃለች። ለወረቀት ብቻ ነው ተባለች።

የኔታ፦ ያኔ ዝም ብላ፣ አሁን ስልክ አላነሣም! ክርስትና ስሟን ሸጠን ቆርቆሮ መትተንበታል፤ ክሩ ሲበጠስ ነው እንዴ የሚከፋን?

ተማሪ፦ እናቴ የምታነሣው ሰማዕታቱን ነው። በሊቢያ የተገደሉት ልጆችም እንደ እኅቴ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ናቸው፤ እነሱ አንገታቸውን ሰጡ ትላለች።

የኔታ፦ ሰጥተዋል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ያንን የሰማ ያላለቀሰ የለም። ከቂርቆስ ሰፈር የወጡ ነበሩባቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕት ብላቸዋለች። ሰማዕትነት ግን ለተሰጠው ሰው ነው። እዚህ ቡና እየጠጡ ሪያድ ለተቆለፈባት ልጅ የሚያዙላት ነገር አይደለም። ጌታስ ሐዋርያቱን በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላው ሽሹ ብሎ አስተምሯቸው የለ? ጴጥሮስ ራሱ ሸሽቷል፤ ሸሸ ብለውም ነቅፈውታል። ኋላ ግን በ304 ዓ.ም. አንገቱን ለሰይፍ የሰጠ እሱው ነው።

ተማሪ፦ በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

የኔታ፦ ደራ ቆራጣ ሄደሽ ታውቂያለሽ?

ተማሪ፦ ወለተ ጴጥሮስ? በልጅነቴ ለንግሥ ሄጃለሁ።

የኔታ፦ እሷ ለምን ጻድቅ እንደ ተባለች ነግረውሻል? ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ በ1617 አፎንሶ ሜንዴዝ የሚባለው ፓትርያርክ መጣ። ካህኑ እንደገና ይካን፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቅዳሜ አይከበር ተባለ። የወለተ ጴጥሮስ ባል መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከተገደሉ በኋላ ልብሳቸው እባሏ ዘንድ መገኘቱን ገድሏ ይናገራል። በዚህ ትዳሯን ጥላ ወጣች፣ መነኮሰች። ከደሴት ደሴት፣ ከበረሃ በረሃ ሸሸች። ንጉሡ ፊት ቀርባ ሃይማኖቴን አልለውጥም አለች፤ ሜንዴዝ ሊያስተምራት ሞክሮ አቃተው። ሦስት ዓመት ዠበይ ተጋዘች። ግን አልታረደችም ልጄ። በኅዳር 1635 ዓ.ም. ታማ ነው ያረፈችው፤ ሬማ ደሴት ተቀበረች።

ተማሪ፦ የቀረው ሰውስ? ሁሉም እንደ እሷ እንቢ አለ?

የኔታ፦ የት ሆኖ! እንደገና የተጠመቀው፣ እንደገና የተካነው ብዙ ነው። ላስታ ዐመፀ፤ ወይና ደጋ ላይ ያለቀው ገበሬ በሺህ የሚቆጠር ነው። ንጉሡም ያንን ሬሳ ካዩ በኋላ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሃይማኖታችሁ ይመለስላችሁ ብለው ዐወጁ፣ መንግሥቱንም ለፋሲል ተዉ። ያ ሁሉ ጎንበስ ያለ ሕዝብ ያን ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። በሩን የዘጋበት ቢኖር ዛሬ እኔም አንቺም እዚህ አንቀመጥም ነበር፤ የነማን ልጆች ነን ብለሽ ነው?

ተማሪ፦ ስለዚህ እውነቱ አሸነፈ።

የኔታ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። በ1630 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሁለት ካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጅና ካሲያን፣ ተሰቀሉ። ሃይማኖታችሁን ተዉ ሲባሉ እንቢ ብለው ነው። ሮማውያን ዛሬ ብፁዓን ይሏቸዋል። የሰቀልናቸው እኛ ነን። ዐፄ ዮሐንስም አሉ፤ ይህችን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የገዙ ንጉሥ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላም ተጠመቅ ተባለ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆነው። ሼህ ጠልሓ ግን ሸፈተ። ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት በሩን ዘግቶ የሚሰግደው ደግሞ ስፍር ቁጥር አልነበረውም።

ተማሪ፦ የኔታ፣ ይህንን ለሪያድ ማዳም ቢነግሯት ደስ ይላታል።

የኔታ፦ ደስ ይበላት። እኔ የምነግረው ላንቺ ነው። ያኔ ወሎ ውስጥ ማተብ በግድ የታሰረባት ሴት ምን እንደ ተሰማት ዛሬ ከእኅትሽ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ያወቀች ልጅ ከሃዲ ናት ብዬ አፌን አልከፍትም። ቀኖናዋን ስትመለስ የንስሐ አባቷ ይሰጣታል። ለመሆኑ ትጸልያለች?

ተማሪ፦ ኩሽና ውስጥ፣ በሆዷ። ረቡዕና ዓርብ ሆዴን አሞኛል እያለች ትጾማለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዚያ አገር የለም።

የኔታ፦ ደመወዟን ይሰጧታል?

ተማሪ፦ አራት ወር ሆኗታል ካገኘች።

የኔታ፦ ፓስፖርቷስ?

ተማሪ፦ ማዳሟ ጋ ነው። ገና አየር ማረፊያ ሳለች ነው የተቀበሏት።

የኔታ፦ ይኸን ትተሽ ነው ስለ ክር የምትጠይቂኝ? ማተቡንም ደመወዙንም የወሰደ እጅ አንድ ነው። ውሏ ማን ጋ አለ? የኤጀንሲው ስም፣ የቤቱ አድራሻ?

ተማሪ፦ ውሉ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። አድራሻውን ግን እኅቴ ካልነገረችን አናውቀውም።

የኔታ፦ እንግዲያው እናትሽ ስልኩን ማንሣት አለባት። ኤጀንሲውም ኤምባሲውም የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። ኩታዬን አቀብዪኝ፤ ዛሬውኑ ቤታችሁ እንሂድ።